ማክሮፌጅ የሚውጠውን ማን ይወስንለታል? ስለ ሳይቶካይኖች ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ስለ ማክሮፌጅ ባወራሁ ቁጥር አንድ ጥያቄ መልኩን እየቀያየረ ይመጣል። "የበለጠ እንዲበላ ማድረግ አይቻልም?" የሚል ነው። ጥያቄው ተገቢ ነው። ጀርም የሚበላ ሴል ካለን፣ አብዝቶ ቢበላ ምን ክፋት አለው? ነገር ግን መጉረስ፣ መዋጥና መፍጨት ሦስት የተለያዩ ሥራዎች ናቸው። ሴሎች መልእክት የሚለዋወጡባቸው ፕሮቲኖች፣ ማለትም ሳይቶካይኖች፣ ደግሞ ሦስቱን በአንድ አቅጣጫ አይገፏቸውም። አንዱን ሲያበረቱ ሌላውን ሊያደክሙ ይችላሉ። ከታች ያሉት መልሶች አብዛኞቹ ወደዚህ ነጥብ ይመለሳሉ።

ማክሮፌጅ ምንድን ነው?

ከነጭ የደም ሴሎች ወገን ነው። ስሙ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን "ትልቅ በላተኛ" ማለት ነው። በሳንባ፣ በጉበት፣ በጣፊያ፣ በቆዳ፣ በአጥንት፣ ኧረ በሁሉም የሰውነት ክፍል ማለት ይቻላል ይገኛል። አንዳንዶቹ ገና በፅንስ ጊዜ ቦታቸውን ይዘው እዚያው እየተባዙ የሚኖሩ ናቸው። ሌሎቹ ሞኖሳይት የሚባሉ ነጭ የደም ሴሎች ሆነው በደም ሲዘዋወሩ ቆይተው፣ ችግር ወዳለበት ቦታ ሲገቡ ወደ ማክሮፌጅነት ይለወጣሉ።

የመዋጥ ሥራቸው ለበሽታ መከላከል ያለውን ትርጉም ያሳየን ሳይንቲስቱ ኢሊያ ሜችኒኮፍ ነው። እ.ኤ.አ. በ1882 (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም ሁሉ እ.ኤ.አ. ናቸው) በጣሊያኗ ሜሲና ከተማ ሳለ፣ ብርሃን በሚያሳልፍ የባሕር ኮከብ እጭ ውስጥ የጽጌረዳ እሾህ ሰካ። በማግስቱ ሲያይ ተንቀሳቃሽ ሴሎች እሾሁን ከበውታል። በ1908 ከፖል ኤርሊሽ ጋር የኖቤል ሽልማት ተጋራ። የሚገርመው፣ ኤርሊሽ የሚታወቀው በደም ውስጥ በሚንሳፈፉ መከላከያዎች ላይ በሠራው ሥራ ነው። በጊዜው ሁለቱ አስተሳሰቦች እንደ ተቃራኒ ይታዩ ነበር። ዛሬ ግን ሴሉ የሚውጠው በአብዛኛው እነዚያ መከላከያዎች የተለጠፉበትን እንደሆነ እናውቃለን።

አንድ ቅንጣት የሚዋጠው እንዴት ነው?

መጀመሪያ መያዝ አለ። የማክሮፌጁ ገጽ በተቀባይ ፕሮቲኖች የተሞላ ነው። እጆች በሏቸው። እያንዳንዱ እጅ የራሱ የሚይዘው ነገር አለው። አንቲቦዲ የሚባለውን የደም መከላከያ የለበሰ ባክቴሪያ ኤፍሲ ጋማ በሚባለው ተቀባይ ይያዛል። ኮምፕሊመንት የሚባሉት የደም ፕሮቲኖች የተለጠፉበት ደግሞ በኮምፕሊመንት ተቀባይ 3 ይያዛል። የማኖስ ተቀባይ በተህዋሲያን ገጽ ላይ ያሉ የስኳር ዓይነቶችን ይፈልጋል። ዴክቲን 1 የፈንገስ ግድግዳ ላይ ያለውን ቤታ ግሉካን ያውቃል። እየሞተ ያለ የራሳችን ሴል ደግሞ ፎስፋቲዲልሰሪን የሚባለውን ስብ ከውስጥ ወደ ውጭ ገልብጦ ያሳያል። "ጨርሻለሁ፣ አንሱኝ" እንደማለት ነው። ለእሱም የተለዩ እጆች አሉ።

ቀጥሎ መዋጥ ይመጣል። አንድ እጅ ብቻውን አይበቃም። ብዙ ተቀባዮች በአንድ ቦታ ይሰበሰባሉ። ከሥራቸው አክቲን የሚባለው ፕሮቲን እየተቀጣጠለ የሴሉን ሽፋን ወደ ውጭ ይገፋል። ሽፋኑ ቅንጣቱን እንደ ጽዋ ይከበዋል። ጫፍና ጫፉ ሲገጥም ቅንጣቱ ከረጢት ውስጥ ገብቷል። ይህ ከረጢት ፋጎሶም ይባላል፤ ሂደቱ ደግሞ ፋጎሳይቶሲስ። በተለምዶ ይህን ስም የምንሰጠው ከግማሽ ማይክሮሜትር ለሚበልጡ ቅንጣቶች ነው። ከዚያ ያነሱት በአብዛኛው በሌላ በር ነው የሚገቡት።

በመጨረሻ መፍጨት። ፋጎሶሙ ላይሶሶም ከሚባለው፣ የሚፈጩ ኢንዛይሞችን ከያዘው ከረጢት ጋር ይዋሃዳል። ውስጡ አሲድ እየሆነ ይሄዳል፤ ፒኤቹ ከ7 አካባቢ ተነስቶ ወደ 5 እና ከዚያም በታች ይወርዳል። ፕሮቲን፣ ስብና ስኳር የሚቆራርጡ ኢንዛይሞች ሥራ ይጀምራሉ። ከኦክሲጅን የሚሠሩ መርዛማ ሞለኪውሎችም ይረጫሉ።

ይህን ሁሉ የዘረዘርኩት ያለምክንያት አይደለም። የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ መዋጥን አይፈራም። ከተዋጠ በኋላ ከረጢቱ ከላይሶሶም ጋር እንዳይዋሃድ አግዶ እዚያው ውስጥ ይኖራል፤ ይራባልም። ስለዚህ "ተውጧል" እና "ሞቷል" አንድ አይደሉም። ሳይቶካይኖችን ለመረዳት ይህን ልዩነት ይዞ መሄድ ያስፈልጋል።

ሳይቶካይን ስንል ምን ማለታችን ነው?

ሴሎች እርስ በርስ መልእክት የሚለዋወጡባቸው ትናንሽ ፕሮቲኖች ናቸው። ኢንተርፌሮኖች፣ ኢንተርሉኪኖች፣ ቲኤንኤፍ፣ ጂኤም-ሲኤስኤፍ ሁሉ በዚህ ስም ይጠቃለላሉ። በጣም በትንሽ መጠን ይሠራሉ። በሚሊ ሊትር ጥቂት ናኖግራም ለአንድ ማክሮፌጅ ጠባይ መለወጥ በቂ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚሳሳተው አንድ ነገር አለ። ሳይቶካይን ባክቴሪያው ላይ አይለጠፍም። ያ የአንቲቦዲና የኮምፕሊመንት ሥራ ነው። ሳይቶካይን የሚነካው በላተኛውን ነው፤ የሚበላውን አይደለም።

ታዲያ በማክሮፌጁ ውስጥ ምኑን ነው የሚቀይረው?

ሳይቶካይኑ የራሱን ተቀባይ ሲነካ ምልክቱ እስከ ኒውክለሱ ይደርሳል። ኢንተርፌሮን ጋማ በዋናነት ስታት1 በሚባል ፕሮቲን፣ ኢንተርሉኪን 4 በስታት6፣ ኢንተርሉኪን 10 ደግሞ በስታት3 በኩል ጂኖችን ያበራሉ፤ ያጠፋሉም። ውጤቱ በተለያየ ቦታ ይታያል።

አንዱ የእጆቹ ቁጥርና ዓይነት ነው። የትኛው ተቀባይ ይብዛ፣ የትኛው ይነስ የሚለው ይቀየራል። ሌላው የእጆቹ ብቃት ነው። ተቀባዩ በቁጥር ሳይቀንስ የመያዝ አቅሙ ሊዳከም ይችላል። ሦስተኛው አክቲኑን የሚያንቀሳቅሰው ጉልበት ነው። እኔ ከሁሉም በላይ ትኩረት ሊሰጠው ይገባል የምለው ግን አራተኛውን ነው፤ ከተዋጠ በኋላ ያለውን። ከረጢቱ ምን ያህል በፍጥነት አሲድ ይሆናል? መርዙ ይረጫል ወይስ አይረጭም? የተፈጨው ነገር ቁራጭ ቲ ሴሎች ለሚባሉት ሌሎች የመከላከያ ሴሎች ይታያል ወይስ ድምጥማጡ ይጠፋል? ለበሽተኛው ወሳኙ ነገር ብዙ ጊዜ የሚገኘው እዚህ ነው።

ኢንተርፌሮን ጋማ ማክሮፌጁን ሆዳም ያደርገዋል አይደል?

መልሱ "በየትኛው እጅ?" የሚል ነው።

ኢንተርፌሮን ጋማን የሚያመነጩት በዋናነት ቲ ሴሎችና ተፈጥሯዊ ገዳይ ሴሎች ናቸው። ማክሮፌጅን የሚያነቃቃው ነገር ምንድን ነው የሚለው ጥያቄ ከ1960ዎቹ ጀምሮ ሲጠና ቆይቶ፣ በ1983 ዋናው ሞለኪውል ኢንተርፌሮን ጋማ መሆኑ ታወቀ።

ይህ ሳይቶካይን ኤፍሲ ጋማ አርዋን የተባለውን የአንቲቦዲ ተቀባይ በብዙ እጥፍ ይጨምራል። ስለዚህ አንቲቦዲ የለበሰ ቅንጣትን የመያዝ ዕድሉ ከፍ ይላል። እስከዚህ ድረስ "ሆዳም" የሚለው ያስኬዳል። የማኖስ ተቀባይን ግን ይቀንሳል። በዚያ በር የሚገቡ ቅንጣቶች መዋጣቸው ያንሳል።

የኮምፕሊመንት ተቀባዮች ታሪክ ከሁሉም የበለጠ ያስደንቀኛል። በ1986 በሰው ሞኖሳይቶች ላይ በተሠራ ሥራ፣ ኢንተርፌሮን ጋማ ኮምፕሊመንት የለበሱ ቅንጣቶችን የመያዝ አቅምን እንደሚቀንስ ታየ። ተቀባዮቹ ግን በቁጥር አልቀነሱም። እጁ አለ፤ ግን አይጨብጥም። ይባስ ብሎ፣ ሴሎቹ ፋይብሮኔክቲን ከሚባለው በሴሎች መካከል ከሚገኝ ፕሮቲን ጋር ሲገናኙ የመያዝ አቅማቸው ተመለሰ። ማለትም ያው ሳይቶካይን፣ ያው ሴል፣ ግን የቆመበት መሬት ሲለወጥ ውጤቱ ተለወጠ። "ይህ ሳይቶካይን መዋጥን ይጨምራል" ብሎ በአንድ ዓረፍተ ነገር የሚደመድም ጽሑፍ ሳይ ቅር የሚለኝ በዚህ ምክንያት ነው።

ወደ መፍጨቱ ስንመጣ ኢንተርፌሮን ጋማ ትክክለኛ ጉልበቱን ያሳያል። ቅድም ያነሳነው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ የሚኖርበት ከረጢት ፒኤቹ ከ6 በላይ ሆኖ ይቆያል። በኢንተርፌሮን ጋማ የነቃ ማክሮፌጅ ግን ያን እገዳ ይሰብራል። ከረጢቱ አሲድ ይሆናል፤ መርዛማ ሞለኪውሎችም ይበዙበታል። ይህ በሙከራ ቱቦ ብቻ የቀረ ነገር አይደለም። በ1996 የኢንተርፌሮን ጋማ ተቀባይ ጂናቸው የተበላሸ ልጆች ተለይተው ታወቁ። ሌላው ሰው ሳይጎዳ የሚያልፋቸው የሳንባ ነቀርሳ ባክቴሪያ ዘመዶች፣ ማለትም ደካማ ማይኮባክቴሪያዎች፣ የቢሲጂ ክትባት ጭምር፣ እነዚህን ልጆች ክፉኛ ያሟቸዋል። ማክሮፌጆቻቸው መዋጥ አላቃታቸውም። የተዋጠውን መግደል ነው ያቃታቸው።

ኢንተርሉኪን 4 እና 13ስ?

እነዚህ ከትላትሎች ጥቃት፣ ከአለርጂና ከቁስል ጥገና ጋር አብረው የሚነሱ ናቸው። ኢንተርሉኪን 4 የማኖስ ተቀባይን በኃይል ይጨምራል። በ1992 ይህ ሲታወቅ፣ ማክሮፌጅ የሚነቃበት መንገድ አንድ ብቻ አይደለም የሚለው ሐሳብ መልክ ያዘ። ዴክቲን 1ንም ይጨምራል፤ ስለዚህ በፈንገስ ግድግዳ ዓይነት የተሠሩ ቅንጣቶች በደንብ ይያዛሉ።

ሌላም ነገር አላቸው። ማክሮፌጆች እርስ በርስ እንዲዋሃዱና ብዙ ኒውክለስ ያለው ግዙፍ ሴል እንዲሆኑ ያደርጋሉ። አንድ ሴል ብቻውን የማይችለው ትልቅ ነገር ሲኖር፣ ለምሳሌ በሰውነት ውስጥ በተተከለ ሰው ሠራሽ አካል ገጽ ላይ፣ እንዲህ ዓይነት ሴሎች ይታያሉ።

ኢንተርሉኪን 10 "አረጋጊ" ከተባለ መዋጥን ለምን ይጨምራል?

ይህ ጥያቄ ሲነሳ ደስ ይለኛል፤ ምክንያቱም ጠያቂው ነገሩ ውስጥ ገብቷል ማለት ነው።

ኢንተርሉኪን 10 በእርግጥም አረጋጊ ነው። ማክሮፌጁ ቲኤንኤፍና ሌሎች የብግነት (የሰውነት መቆጣት) ሳይቶካይኖችን እንዳያመነጭ ያደርጋል። ያም ሆኖ የኤፍሲ ጋማ ተቀባዮችን ይጨምራል፤ የሞቱ ሴሎችን የሚይዙ እጆችንም ያበረታል። እርስ በርሱ የሚጋጭ ይመስላል። ግን ከጦርነት በኋላ ያለውን ሁኔታ አስቡት። ተኩሱ መቆም አለበት፤ ሬሳው ግን መነሳት አለበት። ድምፅ ሳያሰሙ ማጽዳት ማለት ነው።

ችግሩ የሚመጣው ጠላት ገና በሕይወት እያለ ይህ ሳይቶካይን ሲበዛ ነው። አስፐርጂለስ በሚባለው ሻጋታ ላይ በተሠሩ ሙከራዎች፣ ኢንተርሉኪን 10 የተሰጣቸው የሰው ሞኖሳይቶች የሻጋታውን ዘር መሰል ቅንጣቶች በብዛት ዋጡ። ሻጋታው አድጎ ክር ሲያወጣ ግን ክሩን የማጥቃት አቅማቸው ቀነሰ። ብዙ ጎረሱ፤ ጥቂት ገደሉ። መዋጥን ብቻ የለካ ሰው "ተሻሻለ" ብሎ ይጽፍ ነበር።

ቲኤንኤፍ የት ላይ ይገባል?

ቲኤንኤፍ ማክሮፌጁ ራሱ የሚያመነጨው፣ ተመልሶም ራሱን የሚያነቃቃበት ሳይቶካይን ነው። የተዋጡ ባክቴሪያዎችን ለመግደል ያግዛል። በሳንባ ነቀርሳ ጊዜ ባክቴሪያውን አጥረው የሚይዙት የሴል ክምችቶች፣ ማለትም ግራኑሎማዎች፣ እንዳይፈርሱም ያስፈልጋል። ለመገጣጠሚያ ብግነት ወይም ለአንጀት ብግነት ቲኤንኤፍን የሚያግድ መድኃኒት የሚወስዱ ሰዎች ላይ ተኝቶ የነበረ የሳንባ ነቀርሳ ሊቀሰቀስ እንደሚችል በ2001 በግልጽ ተዘገበ። ከዚያ ወዲህ ሐኪሞች መድኃኒቱን ከማስጀመራቸው በፊት ምርመራ ያደርጋሉ።

በሌላ በኩል ቲኤንኤፍ የሞቱ ሴሎችን መዋጥን ይቀንሳል። ብግነት ባለበት ቦታ ኒውትሮፊል የሚባሉ የሞቱ ነጭ የደም ሴሎች በጊዜ ካልተነሱ ይፈነዳሉ፤ ውስጣቸው ያለው ኢንዛይም ይፈስና ብግነቱን ያባብሰዋል። አዙሪት ነው። የኮርቲዞን ወገን የሆኑ መድኃኒቶች ደግሞ በተቃራኒው ማክሮፌጆች የሞቱ ሴሎችን በብዛት እንዲውጡ ያደርጋሉ። ብግነትን ከሚያበርዱባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው።

ጂኤም-ሲኤስኤፍ ከሳንባ ጋር ምን ያገናኘዋል?

በጣም ብዙ። የሳንባ የአየር ከረጢቶች እንዳይጣበቁ ሰርፋክታንት በሚባል ቅባት መሰል ነገር የተቀቡ ናቸው። ያረጀውን ሰርፋክታንት እየዋጡ የሚፈጩት እዚያ የሚኖሩት ማክሮፌጆች ናቸው። ይህን ሥራ ለመሥራት ጂኤም-ሲኤስኤፍ ያስፈልጋቸዋል።

በ1994 የዚህ ሳይቶካይን ጂን የሌላቸው አይጦች ተዘጋጁ። ብዙዎች የጠበቁት የደም ሴል ችግር ነበር። የታየው ግን ሳንባቸው በሰርፋክታንት መሞላቱ ነው። በሰው ላይ ተመሳሳይ በሽታ ቀድሞም ይታወቅ ነበር፤ የሳንባ አልቪዮላር ፕሮቲኖሲስ ይባላል። በ1999 ከእነዚህ በሽተኞች አብዛኞቹ የራሳቸውን ጂኤም-ሲኤስኤፍ የሚያግድ አንቲቦዲ እንዳላቸው ታወቀ። ለብዙ ዓመታት ዋናው ሕክምና ሳንባን በጨው ውኃ ማጠብ ነበር። አሁን ሳይቶካይኑን በትንፋሽ መልክ መስጠትም አለ። አንድ ሞለኪውል ስትጠፋ ሰው ትንፋሽ ያጥረዋል። ማክሮፌጅ ጀርም በሌለበትም ሥራ የማይፈታ ሴል መሆኑን ለማስረዳት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ የለኝም።

ኤም1 እና ኤም2 የሚባለው አከፋፈል ትክክል ነው?

ለመግቢያ ያህል ይጠቅማል። ኤም1 በኢንተርፌሮን ጋማ የነቃው ተዋጊ፣ ኤም2 በኢንተርሉኪን 4 የነቃው ጠጋኝ ተብሎ ይነገራል። በእውነተኛ ሰውነት ውስጥ ግን አንድ ማክሮፌጅ ብዙ ሳይቶካይኖችን በአንድ ጊዜ ይሰማል። ውጤቱ የድብልቁ ነው። ሁለት ሳጥን ብቻ ይዞ መሄድ ያሳስታል።

ሳይቶካይን ከተሰጠ በኋላ ለውጡ ስንት ጊዜ ይፈጃል?

መዋጥ ራሱ የደቂቃዎች ጉዳይ ነው። የሳይቶካይን ተጽዕኖ ግን አዲስ ፕሮቲን መሠራትን ስለሚጠይቅ ሰዓታት ይወስዳል። በላቦራቶሪ ብዙ ጊዜ ከ24 እስከ 48 ሰዓት ይጠበቃል። ቅደም ተከተሉም ለውጥ ያመጣል፤ ኢንተርሉኪን 10 ቀድሞ ኢንተርፌሮን ጋማ ቢከተል፣ ተገላብጦ ቢሰጥ ከሚገኘው ጋር አንድ አይሆንም።

የቅንጣቱ መጠንና ቅርጽስ ለውጥ ያመጣል?

አዎ፤ ሳይቶካይን የማያስተካክለው ገደብም ያመጣል። ከ1 እስከ 3 ማይክሮሜትር ያሉ ክብ ቅንጣቶች በቀላሉ ይዋጣሉ። ረዘም ያለ ቅንጣት ሲሆን ወሳኙ ማክሮፌጁ በየት በኩል እንደነካው ነው። በሹል ጫፉ ከነካው ይውጠዋል። በጎኑ ከነካው ተዘርግቶበት ይቀራል። አስቤስቶስ አስከፊ የሆነበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው። ከ20 ማይክሮሜትር በላይ የሚረዝም ክር ከሴሉ ራሱ ሊበልጥ ይችላል። ማክሮፌጁ ግማሹን ጎርሶ፣ መዝጋት አቅቶት፣ መርዙንና ኢንዛይሙን ወደ ውጭ እያፈሰሰ ይቆያል። ለዓመታት። ብግነቱም አብሮ ይኖራል።

የራሳችንን ጤነኛ ሴሎች ለምን አይውጥም?

ጤነኛ ሴሎች ሲዲ47 የሚባል ፕሮቲን ገጻቸው ላይ ይይዛሉ። ማክሮፌጁ ላይ ያለው ሲርፕ አልፋ ይህን ሲነካ የመዋጥ ሂደቱ ይታገዳል። በ2000 በቀይ የደም ሴሎች ላይ የተሠራ ሙከራ ነገሩን ግልጽ አደረገው። ሲዲ47 የሌላቸው ቀይ የደም ሴሎች ለጤነኛ አይጥ ሲሰጡ በጣፊያ ማክሮፌጆች በፍጥነት ተጠራርገው ጠፉ። ብዙ የካንሰር ሴሎች ይህንኑ ምልክት አብዝተው ይይዛሉ፤ ለዚህ ነው እሱን የሚያግዱ መድኃኒቶች በሰፊው የሚሞከሩት።

የሰው ቀይ የደም ሴል 120 ቀን ገደማ ይኖራል። በየሰከንዱ 2 ሚሊዮን ያህል አርጅተው የሚነሱ አሉ። ይህን አብዛኛውን የሚሠሩት የጣፊያና የጉበት ማክሮፌጆች ናቸው። እኛ ሳናውቅ፣ ያለ ትኩሳት፣ ያለ ሕመም።

ሳይቶካይን ከመጠን ሲያልፍ ምን ይሆናል?

ይህ ሚዛን ይፈርሳል። ሄሞፋጎሳይቲክ ሊምፎሂስቲዮሳይቶሲስ የሚባል ከባድ በሽታ አለ። ስሙ ይከብዳል፤ ነገሩ ግን ይህ ነው፦ ቲ ሴሎች ሳያቋርጡ ኢንተርፌሮን ጋማ ያመነጫሉ፤ ማክሮፌጆች ከልክ በላይ ይነቃሉ፤ የራስን የደም ሴሎች ጭምር መዋጥ ይጀምራሉ። በአጥንት መቅኔ ናሙና ላይ ሆዱ በቀይ የደም ሴሎች የተሞላ ማክሮፌጅ በማይክሮስኮፕ ይታያል። በሽተኛው ከፍተኛ ትኩሳት፣ የጣፊያ ማበጥና የደም ማነስ ይኖረዋል። ካልታከመ ይገድላል። "የበለጠ እንዲበላ ማድረግ" የሚለው ምኞት ገደብ ሲያጣ የሚደርስበት ቦታ ይህ ነው።

በላቦራቶሪ መዋጥ የሚለካው እንዴት ነው?

ብዙ ጊዜ የሚያበሩ የፕላስቲክ ዶቃዎች፣ ቀለም የተቀቡ ባክቴሪያዎች፣ አንቲቦዲ የለበሱ የበግ ቀይ የደም ሴሎች ወይም ዛይሞሳን የሚባል የእርሾ ግድግዳ ቅንጣት ይሰጣቸዋል። ከዚያ በማይክሮስኮፕ ወይም ሴሎችን አንድ በአንድ በብርሃን በሚለካው በፍሎው ሳይቶሜትሪ ይቆጠራል።

ትልቁ ወጥመድ የተለጠፈውን እንደ ተዋጠ መቁጠር ነው። ጀማሪ ሳለሁ አንድ ሳይቶካይን መዋጥን በእጥፍ ጨመረ ብዬ ውጤቴን ይዤ ሄድኩ። አብራኝ የምትሠራ ታላቄ ወረቀቱን አይታ "በበረዶ ላይ የተቀመጠውንስ ቆጥረሻል?" አለችኝ። አልቆጠርኩም ነበር። በ4 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሴሎች ቅንጣቱን ይይዛሉ እንጂ አይውጡም። ደግሜ ስሠራው ከጭማሪው ግማሽ ያህሉ ውጭ ላይ የተለጠፈ ዶቃ ሆኖ ተገኘ። ሳይቶካይኑ የጨመረው በዋናነት መያዝን ነበር። ያን ቀን የተማርኩት እስካሁን ከእኔ ጋር አለ።

ስለዚህ የቅዝቃዜ ማነጻጸሪያ አትዝለሉ። አክቲንን የሚያግደው ሳይቶካላሲን ዲም ጥሩ ማነጻጸሪያ ነው። ውጭ የቀረውን ብርሃን ለማጥፋት ትሪፓን ብሉ የሚባል ቀለም ይጨመራል። አሲድ ውስጥ ሲገቡ ብቻ የሚያበሩ ቀለሞችም አሉ፤ እነሱ ግን ሌላ ጥንቃቄ ይፈልጋሉ። ሳይቶካይኑ የከረጢቱን አሲድነት ከቀየረ፣ የተዋጠው ቁጥር ሳይለወጥ ብርሃኑ ሊለወጥ ይችላል።

የአይጥ ውጤት ለሰው ይሠራል?

በከፊል። ዋና ዋናዎቹ መንገዶች ይመሳሰላሉ። ግን የአይጥ ማክሮፌጅ በኢንተርፌሮን ጋማና በባክቴሪያ ምልክት ሲነቃ ጀርም የሚገድለውን ናይትሪክ ኦክሳይድ በገፍ ያመርታል። የሰው ማክሮፌጅ በላቦራቶሪ ውስጥ እንዲህ አያደርግም። የአንቲቦዲ ተቀባዮቹም ዓይነት ይለያያል። አንድን ውጤት ስታነቡ መጀመሪያ የማን ሴል እንደሆነ ተመልከቱ።

ሳይቶካይንን ወይም ማገጃውን እንደ መድኃኒት የምንጠቀምበት አለ?

አለ። ክሮኒክ ግራኑሎማቶስ ዲዚዝ በሚባለው የዘር በሽታ፣ የተዋጠውን የሚገድለው የኦክሲጅን መርዝ ማምረቻ የተበላሸ ነው። አሜሪካ በ1990 ኢንተርፌሮን ጋማን ለእነዚህ በሽተኞች ከባድ ኢንፌክሽንን ለመቀነስ ፈቀደች። በሌላ በኩል ደግሞ በ2018 ኢማፓሉማብ የተባለ ኢንተርፌሮን ጋማን የሚያግድ መድኃኒት ቅድም ላነሳነው የደም ሴል የመዋጥ በሽታ፣ በዘር ለሚመጣው ዓይነቱ፣ እዚያው ተፈቀደ። አንዱን ሞለኪውል ለአንዱ እንሰጣለን፤ ከሌላው እንወስዳለን።

"ማክሮፌጅን ያነቃቃል" የሚል የምግብ ማሟያ አገኘሁ። ልውሰድ?

ቅድሚያ አንድ ነገር ጠይቁ፦ የትኛውን ሥራ ነው የሚያነቃቃው? ማስታወቂያው "የመዋጥ አቅምን ይጨምራል" ካለ፣ በአብዛኛው ዶቃ ወይም እርሾ በሳህን ላይ ሲዋጥ ተቆጥሮ ነው። ያ የመግደል መለኪያ አይደለም፤ በእናንተ ሳንባ ወይም ጉበት ስለሚሆነውም አይናገርም። ጤነኛ ሰው ማክሮፌጆቹ ተጨማሪ ግፊት አያስፈልጋቸውም። የራስን አካል የሚያጠቃ በሽታ ያለበት ሰው ደግሞ እንዲህ ዓይነት ነገር ከመጀመሩ በፊት ሐኪሙን ማማከር አለበት።

ቲኤንኤፍ የሚያግድ መድኃኒት ልትጀምሩ ከሆነ የሳንባ ነቀርሳ ምርመራ መደረጉን ጠይቁ። ጀምራችሁ ከሆነና የማይለቅ ሳል፣ የሌሊት ላብ ወይም ያልታወቀ ክብደት መቀነስ ካያችሁ፣ ቀጠሮ እስኪደርስ አትጠብቁ።